የሰርጉ አጀብና የአባትህ ቮልስ

የዛሬው ደብዳቤ ረዘም ያለ ነበር። ዋና ዋናውን ብቻ ቆንጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ገርጂ አካባቢ እኖራለሁ። አባታችን መምህር ነበር። ሲያርፍ ያስቀረልን ንብረት አንዲት 1200 ቮልስ ናት። እሷን እየነዳሁ፣ ስትበላሽም ራሴ እየጎረጎርኩ ይኸው ዓመታት አለፉ። እሁድ እሁድ ጠዋት አምስት ጓደኛሞች ላቫጆ እንገናኛለን። አንዱ ዲኤክስ፣ አንዱ ላዳ፣ አንዱ ቪትዝ ነው የሚነዳው። አንደኛው ዘንድሮ አይዲ 4 ኤሌክትሪክ ገዛ። መኪና እናሳጥባለን፣ ማኪያቶ እንጠጣለን፣ እንተራረባለን። ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ‹ወርደን እንግፋህ?› ሲሉኝ እኔም እስቃለሁ፤ ለምጄዋለሁ።

ባለ ኤሌክትሪኩ በጥር ያገባል። እኔ ሚዜ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ቮልሷን ይዞ አጀቡ ውስጥ ይገባል ብዬ አስቤ ነበር። ባለፈው እሁድ ይህን ስናገር ሙሽራው ‹አንተ ከኔ ጋር ትሆናለህ፤ ቮልሷ ግን የዛን ቀን ቤት ትዋል፣ ቪዲዮዬ ውስጥ እንዳትገባብኝ› አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባለ ዲኤክሱ ደግሞ ‹ለምን አትገላገላትም? ጥሩ ገዢ አለኝ› እያለ መጨቅጨቅ ከጀመረ ቆይቷል። አሁን ሸጬ፣ የዕቁቤን ብር ጨምሬ፣ የጎደለውን ተበድሬ ቪትዝ ልገዛ ነው። ባለቤቴ ተው ትለኛለች፤ ሰባተኛ ወሯን ስለያዘች ላጨቃጭቃት አልፈልግም። እናቴማ የሰማች ቀን ታለቅሳለች። ልሽጣት ወይስ ልተዋት? ጓደኞቼንስ ምን ልበላቸው? ባለ ቮልሱ፣ ከገርጂ።»

ወንድሜ ባለ ቮልሱ፣

ሁለት የማይገናኝ ጉዳይ በአንድ ፌስታል ከተህ ነው የላክልኝ። አንዱ ጓደኛህ የተናገረህ ነገር ነው። እሱን ከሙሽራው ጋር ትጨርሰዋለህ። ሌላው የመኪናዋ ነገር ነው። እሱ ደግሞ የባለቤትህ፣ የእናትህና የወንድምህ ጉዳይ ነው። ላቫጆ ላይ አይቆረጥም። ባለ ዲኤክሱ ጋ በኋላ እመጣለሁ፤ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ስለ ተረቡ። የኔ ባለቤት ለብዙ ዘመን ላዳ ነድቷል። ስለዚህ የመኪና ወዳጆችን ወሬ ቤቴ ተቀምጬ ሰምቼ ጠግቤያለሁ። እናንተ ዘንድ «እንዴት አደርክ» አይባልም፤ «ዛሬም ተነሣችልህ?» ነው የሚባለው። ባለ ላዳውን «በሩን ቀስ ብለህ ዝጋው፣ የወዲያኛው ይከፈታል» ትሉታላችሁ። ዝናብ ሲጥል ባለ ቪትዙን «መኪናህ ዋና ትችላለች?» ትሉታላችሁ። ባለ ዲኤክሱን «ዘንድሮስ ስንት ገባች?» ትሉታላችሁ። ከመሬት ሌላ፣ ባረጀ ቁጥር ዋጋው የሚጨምር ነገር አዲስ አበባ ውስጥ የማውቀው ዲኤክስን ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ባለ ኤሌክትሪኩ «ዛሬ በእግርህ ነህ» ይባላል። ይሄ ሁሉ ፍቅር ነው። እዛ ጠረጴዛ ላይ የማይተረብ ሰው ካለ ገና ያልተለመደ እንግዳ ነው።

ያንተዋ ደግሞ ለተረብ የተመቸች ናት። ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት። ድምጿ ከሷ ቀድሞ ሰፈር ይገባል። ራዲያተር የላትም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከተሠሩት ከሆነች፣ የፊት መስታወቷን ውኃ የምትረጨው ከስኮርታው ጎማ በምትወስደው ንፋስ ነው። (ስኮርታህ ሁልጊዜ ጎደል እያለ የሚያስቸግርህ ከሆነ ጎሚስታውን አትማው፤ መስታወት ስታጥብበት ነው የከረምከው።) ጃንሆይም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነው። እዚህ አገር ስለ ቮልስ ያልተቀለደበት ዘመን የለም፤ አንተ ዘንድ ሲደርስ የሚቆምበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ዳገቱ ግን ለጓደኞችህ ይህን ንገርልኝ። 1200ዋ ቮልስ ጀርመን አገር ስትሠራ 34 የፈረስ ጉልበት ነበራት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ደግሞ 3000 ሜትርን ታልፋለህ፤ ይብሳል። ዲኤክሷም ቪትዟም እንደዚሁ ያጣሉ። ግን የሚጎድልባቸው ከብዙ ላይ ስለሆነ አይታወቅባቸውም። ኤሌክትሪኩ ነዳጅ ስለማያቃጥል አየር ቢሳሳም ቢወፍርም ግድ የለውም። ስለዚህ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተህ ቀስ እያልክ ውጣ። በነሱ ሳቅ ተገፍተህ ፍሪሲዮን ሊያስወርድህ የሚፈልግ መካኒክ እጅ እንዳትወድቅ።

እንዲህ ያለው ተረብ ሁሉ የሚያርፈው ላሜራ ላይ ነው። ላሜራ ደግሞ ይችላል። ሙሽራው የተናገረህ ግን ከላሜራው አልፎ ገብቷል። «ትዘገያለች» አላለህም። «ታጨሳለች» አላለህም። አብሬያት መታየት አፍራለሁ ነው ያለህ። የአባትህ መኪና መሆኗን እያወቀ፣ ሰው ፊት፣ ሚዜ አድርጎ ለመረጠህ ለአንተ። እንቅልፍ ያጣኸው ሆደ ባሻ ስለሆንክ አይደለም።

ለሙሽራውም ልሟገትለት እንጂ። በሰርግ ሰሞን ጤነኛ ሙሽራ አይቼ አላውቅም። አዳራሽ፣ ቪዲዮ፣ ቬሎ፣ የሚዜ ልብስ፣ የአማች ይሉኝታ፣ ሁሉም በአንድ ወር ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል። ምናልባት የሙሽሪት ወገን «ምን ዓይነት አጀብ ነው» እንዳይል ሰግቶ ይሆናል። ምናልባት ቮልሷ መስቀል አደባባይ ላይ ቀጥ ብላ ከኋላዋ ያለውን አጀብ ሁሉ ስታስቆም በዓይነ ኅሊናው ታይታው ይሆናል። ይሄ ስጋት ፌዝ አይደለም፤ ቢነግርህ ትረዳው ነበር። ግን ሰው ፊት ስለነበረ በቀልድ ሸፍኖ ለቀቀው። ቀልዱ ደግሞ አንተ ላይ አረፈ።

እንዲህ አድርግ። ከእሁድ በፊት፣ ለብቻው፣ ቡና ጋብዘው። ላቫጆ አይሆንም፤ እዛ ከተነሣ ሌላ ተረብ ሆኖ ይቀራል። ቴሌግራም ላይማ ጨርሶ እንዳትጽፈው። ሌሎቹ ፎቶ አንሥተው ሲቀባበሉት ይከርማሉ። ቃሉን ራሴ ልስጥህ፦

«ስማ፣ በመኪናዬ እንደፈለግክ ቀልድ፣ እኔም ያንተን አልምርም። ያ የቪዲዮው ነገር ግን አሞኛል። የአባቴ መኪና መሆኗን ታውቃለህ። ሰርጉ ያንተ ነው፤ አትምጣ ካልክ አትመጣም። ሁለተኛ ግን ሰው ፊት እንዲህ አትበለኝ።»

ከዚህ በላይ አታራዝመው። ሳታብራራ፣ ሳትቀልድ፣ «ምንም አይደለም ባክህ» ብለህ ሳታለሳልስ ዝም በል። ወንዶች እዚህ ጋ ነው የሚያበላሹት። የከበደውን ተናግረው ሳይጨርሱ ሳቅ ይጨምሩበታል፤ ያኔ ሰውዬው እውነት ይሁን ጨዋታ ይጠፋዋል።

ይቅርታ ከጠየቀህ በዚያው ይዘጋ። «እውነቱን ለመናገር ትቆማለች ብዬ ነው የፈራሁት» ካለህ ደግሞ የመልሱን ቀን ስጠው። የመልስ ቀን ሰልፍ የለም፣ ችኮላ የለም፤ ሙሽሮቹን ራስህ ይዘህ ትሄዳለህ። ለነገሩ ለሰርግ ፎቶ ብለው ቮልስ ከፍለው የሚከራዩ ሰዎች ሞልተዋል። እሱ በነፃ የቀረበለትን ነው የገፋው። «አይሆንም፣ አልፈልጋትም» ካለህም ሰርጉ የሱ ነው። ሱፍህን ልበስና ከጎኑ ቁም። ሚዜነትህ ከመኪናዋ ጋር አልተያያዘም፤ በዚህ አኩርፈህ ከቀረህ በዚያች ሰፈር ለሃያ ዓመት የሚወራው ያንተ መቅረት ነው።

ይህን ከጨረስክ በኋላ ወደ ጠረጴዛው ተመለስና ተረብህን መልስ። የሚገርመኝ፣ እጅህ ላይ ያለውን ጥይት አለማየትህ ነው። ጓደኛህ የገዛው አይዲ 4 ምንድነው? ቮልስዋገን አይደለም እንዴ? እዚህ ከተማ የሚታዩት አይዲ 4ና አይዲ 6 በአብዛኛው ከቻይና የመጡ ናቸው። አይዲ 6ማ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራች ናት። ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድ ሲመጣ፣ ገና መስታወቱን ሳያወርድ፣ «ታላቅህ ቆማለች፣ ተነሥላት!» በለው። «አያትህ ጀርመን፣ አዋላጅህ ቻይና» ብትለውም ያስኬዳል። የቮልሷ ዘር በፈረንጆቹ 1938 ተጀምሮ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ የወጣችው በ2003 ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በዚህ ብዛት የምትመካ ሌላ መኪና ላቫጆአችሁ ውስጥ ካለች የባለ ዲኤክሱ ኮሮላ ብቻ ናት፤ እሷን እንዳትነካካ፣ በቁጥር ትበልጥሃለች። ባለ ላዳውንም አትርሳው። ላዳው የተቀዳው ከፊያት 124 ነው። «ጣልያን ሆነህ ሩሲያዊ ነኝ ትላለህ» ብትለው የሚመልሰው አይኖረውም። የኔ ባለቤት አልነበረውም።

አሁን ወደ ባለ ዲኤክሱ።

ደብዳቤህን መልሰህ አንብበው። ከሁሉም በላይ «ገላግላት» የሚልህ ማነው? እሱ። «ገዢ አለኝ» የሚለውስ? እሱ። ሰውዬውን አላውቀውም፤ ክፉ ነው አልልም። ግን በአንድ አፉ መኪናህን እያራከሰ በሌላው ገዢ የሚያመጣ ሰው፣ ጓደኛም ቢሆን፣ በዚያች ሰዓት ደላላ ነው። «ኮሚሽኑ ስንት ነው?» ብለህ እየሳቅክ ጠይቀው። ፊቱን አይተህ ታውቀዋለህ።

ደግሞስ ምን አስቸኮለህ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጫነ። በ2016 ጥር ላይ ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ከነጭራሹ እንዳይገባ ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። የእነዚህ ድምር ምን አመጣ? አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አልሄደም። ቮልስ ደግሞ የሚሰበስቧት ሰዎች አሏት። ፓራፋንጎዋና መብራቷ የጥንቱ ከሆነ፣ የሞተር ቁጥሯም ከሊብሬው ጋር ከገጠመ፣ «ይህቺን ቆርቆሮ» እያለ የሚያጣጥላት ሰው ዋጋዋን ካንተ የተሻለ ያውቃል። ከወር በኋላ ብትሸጣት የምታጣው ነገር አይታየኝም።

ሊብሬ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሊብሬው በማን ስም ነው? አባትህ ካረፈ በኋላ ስም አዙራችኋል? በደብዳቤህ ስለዚህ ምንም አልጻፍክም። አሁንም በአባትህ ስም ከሆነ እንዲሁ ብድግ ብለህ መሸጥ አትችልም። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ያስፈልጋል። ወንድምህም ወራሽ ነው። መኪናዋ በትዳር ዘመን የተገዛች ከሆነች ደግሞ ግማሿ ከመጀመሪያውም የእናትህ ናት። አንተ «የሰማች ቀን ታለቅሳለች» ብለህ የፈራሃቸው እናት ምናልባት ፈራሚ ናቸው። ሸጠህ ልታስደነግጣቸው አትችልም፤ ቀድመህ ልትጠይቃቸው ነው የሚገባህ። ምናልባት እንደፈራኸው አያለቅሱ ይሆናል። አንዳንድ እናት የሟችን ዕቃ ባየች ቁጥር ሆዷ ስለሚባባ፣ ሳትናገር ቢወጣላት የምትወድ አለች። ጠይቃቸው። እስከዚያው የሊብሬውን ፎቶ ለማንም እንዳትልክ፤ ለባለ ዲኤክሱም ጭምር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ባለቤትህ ሰባተኛ ወሯን እንደያዘች በአንዲት መስመር ጣል አድርገህ አልፈሃል። ለኔ ከደብዳቤው ሁሉ የከበደው እሱ ነው። መኪና ለመቀየር ምክንያት ካለህ የሙሽራው ቪዲዮ አይደለም፤ የሚመጣው ልጅ ነው።

ቮልሷን ስለምወዳት አልዋሽህም። ኤርባግ የላትም። የቤንዚን ታንከሯ ከፊት፣ ከእግራችሁ ትንሽ ወደፊት ነው። የ1200ዋ ፍሬን አራቱም ጎማ ላይ ከበሮ ነው፤ ከላዩ ላይ የቸኮለ ሲኖትራክ ሲመጣ እንደዛሬዎቹ መኪኖች ቀጥ አትልም። ከኋላ ወንበሯ የደህንነት ቀበቶ ላይኖራት ይችላል። እናት አቅፋ ትይዘዋለች እንዳትለኝ። ሁላችንም እንዲያ አድገናል፤ ያደግነው ግን መንገዱ ባዶ በነበረበት ዘመን ነው። የሕፃን ወንበር የሚታሰረው በቀበቶ ነው። ቀበቶ ከሌለ ወንበሩ ራሱ ይወረወራል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ ገና ስለ ሽያጭ ሳታስብ፣ የሚከተለውን እይ። ኋላ ወንበሩን አንሣው። ባትሪው እዚያ ሥር ነው። ክዳኑ አለ? ከሌለ የወንበሩ ብረት ስፕሪንግ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት ያስነሣል። በተለይ ከመካከላችሁ ወፍራም የሆነው ከኋላ ሲቀመጥ። ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ በሚቀጥለው እሁድ ምክንያቱን ነግረህ ከፊት አስቀምጠው።

ቀጥለህ የሞተሩን ክዳን ክፈትና ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን የቤንዚን ጎማ በጣትህ ጠምዘዝ አድርገው። ከደረቀ ወይም ከተሰነጣጠቀ በዚያው ቀን ቀይረው። የብዙ ቮልሶች ቃጠሎ የሚጀምረው ከዚያች ርካሽ ጎማ ነው፤ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው ትኩስ ሞተር ላይ ነዋ። ትንሽ እሳት ማጥፊያም ሾፌሩ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይኑር። ኋላ ካስቀመጥከው እሳቱም ያለው ኋላ ነው።

ሌላው ማሞቂያዋ ነው። የቮልስ ማሞቂያ የጭስ ማውጫውን ሙቀት ነው ወደ ውስጥ የሚያመጣው። ብረቱ በዝገት ከተበሳ ከሙቀቱ ጋር ጭሱም ይገባል። ባለቤትህ «ይሸተኛል» ብላህ ታውቃለች? እርጉዝ ሴት ሸተተኝ ስትል አፍንጫዋን አታማ፤ ማርሚታውን አሳይ። እስኪታይ ድረስ ማሞቂያውን አትክፈት፤ መስታወት አውርዳችሁ ሂዱ። ምጥ ሌሊት ከመጣም «የአባቴ ቮልስ ታድርሳት» የሚል ወኔ ውስጥ አትግባ። ራይድ ጥራ። ወይም፣ ከተስማማችሁ፣ ባለ ኤሌክትሪኩን ቀስቅሰው። ድምፅ የሌላት፣ የማትነቀንቅ መኪና ለዚያች ሌሊት ነው የተፈጠረችው። እሱም ያን ቀን ዕዳውን ይከፍላል።

ቪትዙስ? ቪትዝ ጎበዝ መኪና ናት፤ አልነቅፋትም። ግን አንተ የምታስበው ምናልባት የመጀመሪያዎቹን፣ በፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ የወጡትን ነው። እነሱም ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ዛሬ እንዲህ ያለችው እንኳ የምትጠራው በሚሊዮን ብር ቤት ነው። ዕቁብህን አውጥተህ፣ ላዩ ላይ ተበድረህ፣ ሦስት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ልጅ ልታቅፍ? ዳይፐር ሰልፍ ስትይዝ ባንኩም ሰልፍ ይይዛል። ባለቤትህ «ተው» ያለችህ ይህን አስልታ ይመስለኛል። «ላጨቃጭቃት አልፈልግም» ማለትህ ለሷ አዝነህ ነው። ግን አጨቃጭቃት። ቁጭ በሉና አስሉት። ቮልሷ ባለፈው ዓመት ለጋራዥና ለሶማሌ ተራ ዕቃ ስንት በላች? የብድሩ ወርኃዊ ክፍያ ስንት ይሆናል? ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ ጻፏቸው።

የኔ ግምት ይኸው ነው። አሁን አትሸጣትም። ዕቁቡ ለወሊድና ለቤት ይቀመጣል። ቮልሷ ቀበቶ ይገጠምላታል፤ የሚገጥሙ ጋራዦች አሉ። ልጁ ዓመት ሲሞላው ሌላ መኪና መግዛት ከቻላችሁ ትገዛላችሁ፤ ያኔ ቮልሷ የእሁድ መኪና ትሆናለች። ሁለቱን መያዝ ካልቻላችሁ ያን ጊዜ ትሸጣለህ። የሚገዛትንም አንተ ትመርጣለህ እንጂ ባለ ዲኤክሱ አያመጣልህም። ባለቤትህ ከዚህ የተለየ ካለችህ የሷን ስማ።

ሙሽራው ሐሳቡን ቀይሮ ቮልሷን አጀቡ ውስጥ ካስገባት ደግሞ ለወንድምህ አደራ የምትለው አለ። ትርፍ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ 21 ቁጥር ቁልፍና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፊት ኮፈን ውስጥ ይጨምር። ቮልስ ላይ ቺንጋ ሲበጠስ የሚቆመው ዲናሞው ብቻ አይደለም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያም የሚዞረው በሷ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ አጀቡ ቢያልፍም፣ ጡሩምባው ቢቀልጥም፣ ዳር ይዞ ያጥፋት። «እስከ አዳራሹ ትድረስልኝ» ብሎ ከነዳት ሞተር ወረደ ማለት ነው። ቺንጋ መቀየር ለለመደ እጅ ማኪያቶ ተጠጥቶ ሳያልቅ የሚያልቅ ሥራ ነው። ጥብቀቱ የሚስተካከለው በመዘውሩ መሐል በሚገቡት ራንዴላዎች ስለሆነ እነሱን መሬት ላይ እንዳይበትናቸው።

ሪባኑን ደግሞ ፊት ኮፈን ላይ ብቻ እሠሩት። ከኋላው መስታወት ሥር ያሉት ቀዳዳዎች የሞተሩ አየር መሳቢያ ናቸው። አበባና ቱል እዚያ ላይ ከደረደራችሁ ታፍናላችሁና፣ ያኔ የሙሽራው ስጋት እውነት ይሆናል።